ሞተሩን መልሰን ያበላሸን ዕለት

አባቴን መስሎ የመጣው ሰውዬ እቤታችን የገባው ከምሳ በኋላ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ። ክፉ ነገር ጨለማ ለብሶ ነው የሚመጣው እያሉ ስላሳደጉኝ፣ በቀን፣ በዋናው በር፣ ያውም እናቴ ክንዱን ደግፋው መግባቱ ግራ አጋባኝ። የአባቴን ቡናማ ኮት ለብሷል። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ ተለብሷል አያሰኝም። ሰው የተዋሰውን ልብስ ለብሶ ባየች ቁጥር «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለው አክስቴ ራሷ ሻንጣውን ይዛ ከኋላው ስትከተል፣ ይሄን እንዴት አላየችም ብዬ ተገረምኩ።

«ነይ፣ አባትሽን ሳሚው» አለች እናቴ።

ሳምኩት። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። የአባቴ ሽታ ቤንዚን ነው። በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሸራ ለብሶ የቆመ የአባቴ ሞተር ሳይክል አለ፤ አባቴ በናፈቀኝ ቁጥር ከሸራው ሥር እገባና ሽታውን እስብ ነበር። ይሄኛው ሰውዬ ደግሞ ከቅንድቡ ተነስቶ እስከ ጆሮው ድረስ የሚሄድ ስፌት ፊቱ ላይ አለው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ሁለት የተለያየ ጨርቅ ካልተገጣጠመ በስተቀር እንዲያ ያለ ቦታ ላይ ስፌት አይመጣም። ስለዚህ ይህ ፊት ከሌላ ሰው ላይ ተቆርጦ እዚህ የተሰፋ ፊት ነው አልኩ በልቤ።

«ደህና ነሽ?» አለኝ። ድምፁ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ይመስል ሻካራ ነው። ልብሱን ወስዷል፣ ፊቱን ወስዷል፤ ድምፁን ግን መውሰድ አልቻለም።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዛሬ የማውቀውን ማን ነግሮኝ! አባቴ ከነሞተሩ መንገድ ስቶ ገደል ሲገባ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ራሱን ቀደው ሰፍተውታል፤ ጉሮሮው ውስጥም ለወራት ቱቦ ኖሯል። ሩቅ ከተማ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዛወረ ዓመታት አለፉ። ለእኔ የተነገረኝ «ሥራ ሄዷል» ነው። ውሸት አንዴ ቤት ከገባ እንደ እንግዳ ቶሎ «ልሂድ» አይልም፤ እናቴም ይህንኛውን የምታስወጣበት ቀን እንዳጣች ቀረች።

ሰውዬው የኋለኛው ክፍል ተሰጠው። ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ዘወር ስል ከኋላዬ ቆሞ አገኘዋለሁ። እኔን አያይም። ከእኔ ዝቅ አድርጎ፣ የጠረጴዛውን ሥር፣ የወንበሩን ሥር ነው የሚያየው፤ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። እናቴን «እርስዎ» ይላታል። «እርስዎ፣ ካላስቸገርኩ ውሃ ይሰጡኛል?» ይላል፤ እናቴ ውሃውን ታቀብለውና ፊቷን አዙራ የሌለ ክር ከቀሚሷ ላይ ትለቅማለች። አባቴ እናቴን «አንቺ ሴትዮ» እያለ ሲያበሽቃት ነው የማስታውሰው። ሰው እንዴት የገዛ ሚስቱን አንቱ ይላል?

ከሁሉ የባሰው ግን የግድግዳው ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከክፍሉ ይወጣና ሳሎኑ ውስጥ ባዶው ግድግዳ ፊት ይቆማል። ሥዕል የለበት፣ መስታወት የለበት፣ ነጭ ግድግዳ። ከዚያ ግራ እጁን ወገቡ ጋ አንስቶ አንድ የማይታይ ነገር ይጨብጣል። ይገፋል። ግድግዳው እምቢ ሲለው ጥቂት ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጥና አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እሱ ከሄደ በኋላ እኔም ሄጄ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቅዝቃዜው ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ቢሆንም ከወዲያ ማዶ የሚያውቀው አንድ ነገር እንዳለ፣ እሱም እስኪከፈትለት የሚጠብቅ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

«የቤቱ ሰው ቢሆን ኖሮ በሩ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር» አልኳት እናቴን አንድ ቀን። መቀሷን አስቀምጣ ወጣች።

እኔ ራሴ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ቤቱን ስናድስ፣ ግንበኛው ልስኑን ሲያንኳኳ የበር መቃን ተገኘ። አባቴ ሆስፒታል እያለ እናቴ ሌባ ፈርታ ያስዘጋችው በር ነው፤ አባቴ ወደ ሞተሩ የሚወጣው በዚያ በር ነበር። እኔ የባዕድነቱ ማስረጃ አድርጌ የያዝኩበት ነገር፣ የቤቱ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ሊያውቀው የማይችል ነገር ኖሯል።

የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ እየለቀምኩ ሳለ ነው አክስቴና እናቴ የተነጋገሩትን የሰማሁት። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ስትናገር እንደ መዶሻ ነው፣ ሁለቴ አትመታም።

«ያ ሰው የለም» አለች። «ወንድሜ ነው፣ ሆዴ እየተቃጠለ ነው የምናገረው። ያ ሰው ሞቷል በይው። ይሄ ሌላ ሰው ነው። ያልኩሽ ቦታ ንጹሕ ነው፤ እንደሱ ያሉት የሚጦሩበት ነው። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ልጅቷም እየፈራችው ነው።»

«እትዬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ ይተዉልኝ» አለች እናቴ። «ሞተሩን ላሠራው ነው። ድምፁን ቢሰማ ይመለስ ይሆናል። ከዚያ ሞተር በላይ የሚወደው ነገር አልነበረም።»

«ከአንቺም በላይ?»

«ከእኔም በላይ። ከዚች በታች» አለች እናቴ፣ በጫማዋ ጫፍ ጠረጴዛው ሥር ያለሁትን እኔን ነካ አድርጋ።

አክስቴ ክፍሉን ወዲያ ወዲህ ተመላለሰችበት። በመጨረሻ «እስኪያባራ» አለች። «ካልሆነ ግን መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ። ያኔ እንባ የለም።»

እኔ ጠረጴዛው ሥር በደስታ ቁርጥራጩን አቅፌ ቀረሁ። እነሱም ያውቃሉ ማለት ነው! ሌላ ሰው መሆኑን ያውቃሉ፤ ፈርተውት ነው ዝም ያሉት። አባቴ ደግሞ የሆነ ቦታ አለ፤ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ በመንገዱ ይመጣል። ሰውዬው ያን ጊዜ ኮቱን አውልቆ አክስቴ ወደምትለው ቦታ ይሄዳል። እናቴ ሞተሩ እንዲነሳ የፈለገችው ሰውዬውን ላለማስወሰድ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲወሰድልኝ። ሁለታችንም ለአንድ ሞተር እኩል ጸለይን።

ጋሽ ፒንሳ ዕቃውን ተሸክሞ መጣ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ፒንሳ ያሉት አንዴ የያዘውን ብሎን ስለማይለቅ ነው፤ ሚስቱ ግን «አንዴ የያዘውን ጨዋታ ስለማይለቅ ነው» ትላለች። ሸራውን ከመግለጡ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሞተሩን ከገደሉ አውጥቶ እዚያ ያቆመው እሱ ራሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየውም።

ሸራው ሲነሳ አቧራው እንደ ጭስ ተነሳ። ሞተሩ ጥቁር ነው፤ ከአባቴም በዕድሜ ይበልጣል፤ የአባቱ ነበር። የፊት ጎማው ተጣሞ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሏል። ጋሽ ፒንሳ መቀመጫውን ሲቀደው የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ በሙሉ ከእናቴ የስፌት ክር የተሠራ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ። እናቴ ክሩን በጣቷ እየበተነች «ይሄ የዛሬ ዓመቱ ዩኒፎርም ነው፤ ይሄ የሙሽሮቹ፤ ይሄ...» አለችና ጥቁሩን ክር ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ያ ሁሉ ዓመት የሰፋችው እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር።

እኔ ቀና ብዬ የሞተሩን መስታወት አየሁ። የኋለኛው ክፍል መጋረጃ ተከፍቷል፤ ከስንጥቁ ውስጥ የሰውዬው ዓይን ይታያል። ዞር ስል መጋረጃው ተዘግቷል። እንደገና መስታወቱን ሳየው ዓይኑ አለ።

ሥራው ቀን በቀን ቀጠለ፤ ሲዘንብ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ሲያባራ ደጅ። እናቴ ስፌቷን እየተወች እጇን በናፍጣ ነከረች። የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች በቀጭን መርፌዋ አንድ ባንድ ከፈተች፤ ጋሽ ፒንሳ «እህቴ፣ እኔ በዚህ ጣቴ ይሄን ቀዳዳ ከምከፍት ግመል በመርፌ ቀዳዳ ባሳልፍ ይቀለኛል» አላት። መቀመጫውን በአዲስ ቆዳ ሰፋችው። እኔ ብሎኖቹን በጣሳ እያጠብኩ አቀብላለሁ። ደህና ቤተሰብ እንመስል ነበር፤ መጋረጃው ባይንቀሳቀስ።

አንድ ከሰዓት፣ ጋሽ ፒንሳ ዕቃ ሊገዛ እናቴም ገበያ ሄደው፣ ሰውዬው ወጣ። እኔ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ተደበቅሁ። ሞተሩ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። መጥቶ ጎንበስ አለና የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አደረገ፤ የሬሳ ፊት እንደሚያይ ሰው ብዙ አየውና ቀስ ብሎ መልሶ ሸፈነው። ከዚያ መሬት ተንበርክኮ የሞተሩን ሥር በግራ እጁ ዳበሰ፤ ጎማው ሥር፣ ከጎማው ኋላ፣ አፈሩን ሁሉ። ሲነሳ ፊቱ በላብ ርሷል። አንድ ነገር ሊሰርቅ ፈልጎ ያጣ መሰለኝ። ምን ይፈልግ እንደነበር ያወቅሁት ቆይቶ ነው። በአደጋው ቀን ብቻውን ነበር የሄደው። እሱ ግን ብቻውን መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ አልጠየቀማ። ብዙ ጊዜ እኔን ከፊቱ የቤንዚን ታንኩ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚነዳው።

ጋሽ ፒንሳ ክፉ አመል ነበረበት፤ ግማሽ ሥራ አይወድም። አባቴ ሞተሩን በማስታመም ነው የነዳው፤ የተሰነጠቀውን የጭስ ማውጫ በቆርቆሮና በሽቦ ጠቅልሎታል፤ በጠፋ ብሎን ፋንታ ሚስማር ቀርቅሯል፤ የላላውን የሞተር ማሰሪያ በአሮጌ ጫማ ቆዳ አጥብቆታል። ጋሽ ፒንሳ አንዱን ባወጣ ቁጥር ይጮሃል።

«ኧረ የሰው ያለህ! ይሄ ሰውዬ ሞተር ነው የነዳው ወይስ ቁስለኛ? እዩልኝ፣ ሚስማር! ሚስማር በር ላይ ነው የሚመታው!»

ሁሉንም ጆንያ ውስጥ እየወረወረ በቦታው ደህናውን ተካ። አዲስ ማውጫ አስበየደ፤ ብሎኑን አስቀረጸ፤ እሳት ሰጪውን ካንዴላ ለወጠ። «እኔ የነካሁት ሞተር ጎረቤት አይቀሰቅስም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ሲመሽም ሞተሩን መታ መታ አድርጎ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብሎት ይሄዳል።

ዝናቡ አባራ። አክስቴ መጣች፤ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሰውዬውን ግቢው መሀል ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ አደረጉለት። ሞተሩ ተወልውሎ ሰው ፊቱን ያይበታል። ጋሽ ፒንሳ አንዴ ረገጠ። ሁለተኛው ላይ ተነሳ።

ምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ! ለስላሳ፣ እኩል፣ ዘይት እንደጠጣ የእናቴ ስፌት መኪና። ጋሽ ፒንሳ እጁን አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እኔ ወደ ደጅ በሩ በረርኩ። መንገዱን ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። ጋሪ የሚገፋ ሰውና አንድ ውሻ ብቻ ናቸው።

ከኋላዬ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። «ስማው! ስማው እስቲ፣ ሞተርህ እኮ ነው! የአባትህ ሞተር!»

ሰውዬው ሞተሩን በትሕትና አየው። «ጥሩ ሞተር ነው» አለ። «የማን ነው?»

ጋሽ ፒንሳ አጠፋው።  እናቴ እንደቆመች እጇን ቀሚሷ ላይ ታብሳለች፤ እጇ ግን ንጹሕ ነበር።

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለች አክስቴ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ። «ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ልብሱን አዘጋጂለት።»

እኔ በንዴት አበድኩ። አባቴ ያልመጣው በማን ጥፋት እንደሆነ ገብቶኛል። «እንዴት ይሰማል?» ብዬ ጮህኩ። «እንዴት ይመጣል? ይሄ የእኛ ሞተር አይደለም እኮ! የእኛ እንዲህ አይልም!»

«እንዴት ነው የሚለው ታዲያ?» አለ ጋሽ ፒንሳ ተቆጥቶ።

ታንኩ ላይ ተቀምጬ ስሄድ የነበረውን በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው የማውቀው። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ አሰማሁት። «ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ።» ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አንዱን ምት የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። «ጢስስ። ዱፍ።» ከሥሩ ደግሞ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ የሚያሰማውን በምላሴ አከልኩበት። ደጋግሜ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ።

ስጨርስ ማንም እኔን አያይም። ሁሉም ሰውዬውን ነው የሚያዩት። ሰውዬው አንገቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ እኔን፣ አይ፣ እኔን ሳይሆን አፌን ነበር የሚያየው። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ ወድቋል። እንዲያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ምስጢሩን ያወጣሁበት መስሎኝ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተሸሸግሁ።

ጋሽ ፒንሳ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አለ። «በሽታውን አድኜ ሰውዬውን ገደልኩት።»

እናቴ ጆንያውን ጎትታ እግሩ ሥር ጣለችው። «ፈትተህ አበላሸው» አለች። «እንደነበረ አድርገህ አበላሽልኝ።»

ጎህ ሲቀድ፣ ሰውዬው ገና ሳይነሳ፣ ጀመሩ። ጋሽ ፒንሳ አዲሱን ማውጫ ሲፈታ የገዛ ጥርሱን የሚነቅል ይመስል ነበር። አሮጌው ከነቆርቆሮው ከነሽቦው ተመለሰ። ረገጠ፤ ተነሳ።

«አይደለም» አልኩ።

ሚስማሩ ገባ። ረገጠ።

«አሁንም አይደለም። አንዱን አይዘልም።»

«ጤነኛን ማሳመም ከማዳን ይከብዳል እናንተ ሰዎች!» እያለ አሮጌውን ካንዴላ በምራቁ አርሶ መለሰው። እናቴ የጫማ ቆዳውን ከጆንያው ሥር አግኝታ አቀበለችው። አክስቴ መኪና ይዛ መጥታ ደጅ ላይ ደረሰች፤ የምናደርገውን ስታይ ሾፌሩን እንዲጠብቅ በእጇ ጠቁማ ቆመች። ጋሽ ፒንሳ ቆዳውን ሸጎጠ፤ ማሰሪያውን ግማሽ አላላ፤ ረገጠ።

ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። ጢስስ። ዱፍ።

ሆዴ ውስጥ ገባ። መሬቱ ነዘረ፤ የወጥ ቤቱ ጣሳዎች ተንቀጫቀጩ። ምንም መናገር አላስፈለገኝም፤ ሁሉም ፊቴን አይተው አወቁ። አሁን አባቴ ይሰማል አልኩ። አሁን የትም ቢሆን ይሰማል።

ያን ጊዜ ግድግዳው ተመታ።

ከውስጥ ነው። የሳሎኑ ባዶ ግድግዳ፣ ከወዲያ በኩል፣ በቡጢ። አንዴ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደጋግሞ፣ እንደሚቸኩል ሰው። ከውጭው ልስን ላይ ቁራሽ ወድቆ እግሬ ሥር ተሰበረ። እኔ ሽንቴ አመለጠኝ። ግድግዳው ውስጥ ሲጠብቅ የኖረው ነገር ሊወጣ ነው። እናቴ ግን «በሩ!» ብላ ጮኸች፤ «በሩን ፍለጋ ነው!» እያለች ዞራ ወደ ቤት ሮጠች።

በሌላው በር ይዛው ወጣች። ይዛው ማለት አይቻልም፤ እየጎተታት ነበር። ያ ኮቴው የማይሰማ ሰው ጫማውን እያስጮኸ መጣና እጁን ታንኩ ላይ ጫነ። እየነዘረው ብዙ ቆየ። ከዚያ ጋዙን ትንሽ ሰጠው፣ ለቀቀው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«አንቺ ሴትዮ» አለ፣ ዓይኑን ከሞተሩ ሳያነሳ። «ልጅቷን አምጫት እንጂ። ከፊት ላስቀምጣት።»

እናቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ያኔ የሰደባት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ያን ቃል ከሰማችበት ሰዓት የሚበልጥ ደስታ በሕይወቷ እንዳላየች አውቃለሁ፤ ራሷ ነግራኛለች። እያለቀሰች እኔን ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊቱ ገፋችኝ።

«ይችውልህ» አለች። «ይችው ልጅህ።»

ሰውዬው ጎንበስ አለ። ስፌቱ ፊቴ አጠገብ መጣ። በጥንቃቄ፣ ሳይቸኩል አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

«አይ፣ ይቺ ትልቅ ልጅ ናት» አለ። «የእኔዋ ይህችን ነው የምታህል።» እጁን ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አላልኳችሁም?» አልኩ እኔ። እንዲህ እፎይ ያልኩበት ቀን የለም። «አላልኳችሁም? እሱም አባቴ አይደለም!»

ሁለታችን ብቻ ተስማማን። እናቴ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ መሬት ላይ ተቀመጠች። አክስቴ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት፤ ትንሽ ቆይታም ተነስታ ሾፌሩን «ሂድ፣ ዛሬ የምንወስደው ሰው የለም» አለችው። መኪናው ባዶውን ተመለሰ፤ ከዚያም በኋላ ስለዚያ ቦታ ያነሳ የለም።

ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ኖረ። አባቴ መሆኑን እኔ ያመንኩት ትንሽ ቆይቼ ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ ቁስል እንደሚድን። እሱ ግን አላመነኝም። ሚስቱን አወቀ፣ ጓደኛውን አወቀ፣ እህቱን በቁጣዋ አወቃት። እኔን እስከ ዕለተ ሞቱ «የጎረቤት ልጅ» ብሎ ወደደኝ። የእኔን ሠርግ የጎረቤት ሠርግ ብሎ ጨፈረበት። ይህን ለሰው ስናገር የሚስቁ አሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ያማል።

በዚያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ጋሽ ፒንሳ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል፤ እኔ ልብሴን ቀይሬ ደጅ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ወጣ። ወዲያ ወዲህ አየና አጠገቤ ቆመ።

«ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

«አባቴን።»

«ሩቅ ነው የሄደው?»

«እንጃ። ብዙ ጊዜው ነው።»

«ይመጣል፤ አይዞሽ» አለ። «አባት የሆነ ሰው ልጁን ትቶ የት ይቀራል?»

ሲናገር ያ ሻካራ ድምፁ አላስፈራኝም። «እርስዎስ ማንን ይጠብቃሉ?» አልኩት።

«ልጄን። እዚሁ ነበረች፤ አሁን ነው የጠፋችብኝ።»

አሳዘነኝ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው። ትንሽ ልጅ መንገድ ላይ ብቻዋን ስትጠፋ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት፤ ተቀመጠ። መንገዱ ወደ ሁለቱም በኩል ረጅም ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን አይቶ አይጨርሰውም። ስለዚህ ተካፈልነው፤ እሱ ላይ ላዩን፣ እኔ ታች ታቹን እያየን ጠበቅን።